ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማግኘት

ተማሪዎች ሆይ! አንጥረኛ የወርቅ ጌጥ የሚሠራበትን አንድ ዘዴ ልብ በሉ። በመጀመሪያ የጌጡን መልክ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃም ይሸፍነዋል። ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀውም ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ላይ ላዩን የሚሰማው የቅኔ ፍች «ሰም»፣ በውስጡ የተሰወረው ደግሞ «ወርቅ» መባሉ ከዚህ ሙያ በተወሰደ ምሳሌ ነው።

በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ አብልጠው ይወዱት የነበረው ቅኔ የምንፈታበትን ሰዓት ነው። እናንተም ትሞክሩት ዘንድ ለልምምድ የጻፍኋትን ይህችን ግጥም አንብቡ፦

ጠባብ ልብስ ለብሼ ስጨነቅ አየችኝ፣
«የሚያሻህ ሰፊ ነው» ብላ መከረችኝ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ልብስ የጠበበው ሰው ሰፋ ያለ እንዲፈልግ ተመክሯል። ወርቁስ? ቁልፉ የሚገኘው ሁለት ፍች ባዘለው ኅብረ ቃል፣ ማለትም «ሰፊ» በሚለው ላይ ነው። «ፊ» ጠብቆ ሲነበብ ቃሉ የጠባብ ተቃራኒ ይሆናል፤ ላልቶ ሲነበብ ግን ልብስ የሚሰፋውን ባለሙያ ያመለክታል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ ስለማያሳይ፣ የተጠራጠራችሁትን ቃል አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ፣ አንድ ጊዜም አላልታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋልና።

ይሁን እንጂ ቃል ሁለት ፍች ስላለው ብቻ ቅኔ ሆነ አይባልም። አንድ ተማሪዬ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ሠርቶ ሲቀመጥ ጓደኛው «አንተ እኮ አዋቂ ነህ» አለው። ልጁ ግን «አዋቂ» ማለት ጠንቋይም ነውና ተሰደብሁ ብሎ ተቆጣ፤ ሁለቱም ለብዙ ቀናት ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። በግጥማችን ውስጥ ጠባቡ ልብስም ሆነ ጭንቀቱ ለሁለቱም ፍች ይስማማሉ፤ ሰፋ ያለ ልብስም ሆነ ልብስ ሰፊ ችግሩን ያቃልላሉ። በጓደኛው ንግግር ውስጥ ግን ጥንቆላን የሚደግፍ አንዳች ነገር አልነበረም።

እንግዲህ «ወርቁን አገኘሁ» ከማለታችሁ በፊት ያገኛችሁትን ፍች በዙሪያው ባሉት ቃላትና በተነገረበት ሁኔታ መዝኑት። ሰሙን ብቻ የሚሰማ ሰው ወርቁ ያመልጠዋል፤ የሌለ ወርቅ የሚቆፍር ደግሞ ወዳጁን ያስቀይማል።