ከቤት የመጣ በዓል

በ2009 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እሑድ ዋለ፤ በማግሥቱ ሰኞ አረፋ ሆነ። የሂጅራው ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ሁለቱ በዓላት እንዲህ የሚጎራበቱት በአንድ ሰው ዕድሜ ቢበዛ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። እኔ መምህርነት የጀመርኩት በዚያው መስከረም ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደጋን፣ አንዲት ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ተሰጡኝ።

ትምህርት ሲጀመር የበዓሉ ልብስ ገና ከላያቸው አልወረደም። ከሁሉ በፊት ያየሁት እጃቸውን ነው። አንዲት ልጅ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አስራለች፤ መዳፏ ግን እስከ አንጓዋ ድረስ በሂና ቀልቷል። «ማን ቀባሽ?» ስላት የጎረቤታቸውን እናት ስም ጠራችልኝ። ለካ ሴትዮዋ ለአረፋ የራሷን ልጆች ስትቀባ እሷንም አብራ አስቀምጣታለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሙስሊሟ ልጅ በበኩሏ የአደይ አበባ እቅፍ ይዛ መጥታ ነበር፤ እንቁጣጣሽ ዕለት ከጓደኞቿ ጋር ደጅ ለደጅ ስትዞር ውላለችና። ወሎ ተወልጄ ባድግም፣ ነገሩን በአምስት ዓመት ልጆች እጅ ላይ ማየት ሌላ ደስታ ነው።

ለመስቀል ግቢው ውስጥ ትንሽ ደመራ ለመደመር እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አገዳ እንዲያመጣ ተነገረ። ደረቁን የማሽላ አገዳ ያመጡ አሉ። ጥንቅሽ ያመጡት ግን ደመራው ሳይቆም ተልጦ ተበላባቸው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ መስከረም 21፣ ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ግሸን ማርያም ወጡ፤ ልጆቻቸውን እየመለሱ ያቆዩላቸው ጎረቤቶች ነበሩ።

ኅዳር ሲያልቅ ሁለት በዓል በተከታታይ መጣ። ኅዳር 29፣ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን፣ የብሔር ብሔረሰቦች በዓል ሐሙስ ላይ ዋለ። መውሊድ የሚውለው ሰኞ ስለሆነ እኛ አርብ ዕለት ልናከብረው ተነጋገርን። ለሐሙሱ ወላጆች «የባህል ልብስ አልብሳችሁ ላኩ» ተባሉ። ብዙዎቹ ከኮምቦልቻና ከደሴ ገዝተው ወይም ተከራይተው አመጡ። ልጆቹ አምረዋል፤ ነገር ግን የማን አገር ልብስ እንደሆነ ሲጠየቁ ዝም ይሉ ነበር።

አንድ ልጅ ግን የአያቱን ሽርጥ ለብሶ መጣ። በአራት ታጥፎ፣ ወገቡ ላይ በሲባጎ ታስሯል፤ ሲራመድ እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ይዞታል፣ በሌላው እጁ የሽማግሌውን ከዘራ። ከልብሱ የዕጣን ሽታ ይወጣል። «የማን ነው?» አልኩት። «የአባባ ነው፤ ጁምዓ ሲሄድ የሚለብሰው» አለና ቀጠለ፦ አባባ ሽርጡን ከየት እንደገዛው፣ በሬ ሲነዳ እንዴት ሰብስቦ እንደሚያስረው፣ ሲታጠብ የት እንደሚሰጣ። ያን ቀን ስለ ለበሰው ልብስ ይህን ያህል ያወራ ሌላ ልጅ አልነበረም። ለትንሽ ልጅ ባህል ማለት አባባ የሚለብሰው፣ እማማ የምትጋግረው ነው ብዬ አምናለሁ። ልብስ ተከራይቶ ፎቶ አንስቶ መላክ ልጁን አድማቂ ያደርገዋል እንጂ የበዓሉ ባለቤት አያደርገውም።

አርብ ዕለት የአንዷ ተማሪ አያት ድቤያቸውንና አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። በበዓል ቀን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሥጋ የየራሱን ሥርዓት ያከብራል፤ ጎረቤት ሲጠራ በግ ለብቻ ተሰጥቶት በራሱ ሰው ያሳርዳል። ለሕፃናት ግን ዳቦው፣ ቆሎውና ፈንዲሻው የሁሉም ነው። «ቅቤም እንቁላልም አላስነካሁት» አሉኝ። «ዛሬ አርብ ነው፣ ልጄ፤ የነቢያት ጾምም ገብቷል። ልጆቹ ባይጾሙ እናቶቻቸው ይቀምሱታል።» ከዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው መንዙማ ጀመሩ፤ ልጆቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዙ ያጨበጭባሉ። በመሐል ድቤውን አኑረው፣ በልጅነታቸው አልቡኮ ወዳለው ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ በእግር ሲሄዱ መንገድ ላይ ያደሩበትን ነገሯቸው። በወሎ መውሊድን በማስፋፋት ስማቸው የሚነሣውን ሸህ ሙሐመድ ሻፊን፣ ትናንት ቤታቸው ቡና የጠጡ ያህል ነበር የሚያወሩላቸው። ሂና የተቀባችው ልጅ እቅፋቸው ውስጥ ገብታ ድቤውን በጣቷ ትነካካለች፤ የሌላ ልጅ አያት መሆናቸው ትዝም አላላት።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ሲመጣ ለወላጆች የላክነው ወረቀት ላይ «ምንም እንዳትገዙ፤ ከቤታችሁ ያለውን ብቻ ላኩ» ብለን ጻፍን። ሰፌድ መጣ፣ አገልግል መጣ፣ ጋቢ መጣ፣ የሽማግሌ ሙሰብሃ መጣ፣ ከአንድ ቤትም የንብ ቀፎ መጣ። ጠረጴዛችን አልበቃ ብሎ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ካላቸው ጎረቤት ሁለት አግዳሚ ወንበር ተዋስን።