ወደ ላይ የሚወርድ ሞተር

የተሽከርካሪ ሞተር ከተተከለበት ክፍል ተፈትቶ ለእድሳት ሲወጣ፣ ጋራዡ ድርጊቱን «ሞተር ማውረድ» ብሎ ይጠራዋል። ባለንብረቱ በዋጋው ያጉረመርም ይሆናል እንጂ በስሙ አይከራከርም፤ ሥራውን ቆሞ ለተመለከተ ሰው ግን ስሙና ድርጊቱ እንደተጣሉ ግልጽ ነው። ኮፈኑ ይነሣል፣ ሰንሰለቱ ይወጠራል፣ ሞተሩም ዘይቱን እያንጠባጠበ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዙሪያው የቆሙትም አንገታቸውን አቅንተው ሽቅብ እያዩ «ወረደ» ይላሉ።

መካነ ሰላም፣ ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደረስባት የቦረና ወረዳ ከተማ፣ ይህን ሥራ ለመታዘብ ከሚያመቹ ስፍራዎች አንዷ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት አየርን ያለ ተጨማሪ መጭመቂያ የሚስብ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ወደ አባይ ሸለቆ ዘልቆ ወደ ጉንደ ወይን የሚያሻግረው መንገድ ደግሞ ቁልቁለቱን ከፍሬን፣ አቀበቱን ከሞተር ያስከፍላል። እንዲህ ባለ አገር ሞተር ይደክማል፤ ሲደክምም ይወርዳል።

አወራረዱ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፣ ቀጥሎ የራዲያተሩ ውኃ ይፈሳል፣ ከዚያም ቱቦዎቹና ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ጠንቃቃ ሠራተኛ በየሽቦው ጫፍ ምልክት ሲያስር፣ በራሱ የሚተማመነው ግን ምንም ሳያስር ያልፍና በሦስተኛው ቀን ይጸጸታል። ብሎኖቹ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይጠራቀማሉ። የሞተር ማንሻ በሌለበት ጋራዥ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንዶች ጫፋቸው ታስሮ ይቆሙና በመካከላቸው የሰንሰለት ማንሻ ይንጠለጠላል፤ ሞተሩ ከኮፈኑ አፍ በላይ ከፍ ካለ በኋላ ተሽከርካሪው በሰው ጉልበት ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሞተሩም ቀስ ተብሎ መሬት ላይ በተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ያርፋል። በመጨረሻው ደረጃ ሞተሩ በእርግጥ ስለወረደ ስሙ ትክክል ነው የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ ወደ ሰማይ የተወረወረ ድንጋይም በመጨረሻ ይወርዳል፤ ድንጋይ መወርወርን «ድንጋይ ማውረድ» ያለው ግን የለም።

ሞተሩ ጎማው ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚከተለው ሥራ፣ ይህ ስም ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የብረት ራስ፣ ይከፈታል፤ ጋርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይት፣ ውኃና ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያግደው ስስ ንጣፍ፣ ተፍቆ በአዲስ ይተካል፤ ኩሽኔታ፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት፣ በእጅ ዞሮ ድምፁ ይደመጣል፤ ቀሪው ዕቃ በናፍጣ ታጥቦ በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት የዕቃ ስሞች በብዛት ጣልያንኛ ሲሆኑ ግሦቹ በሙሉ አማርኛ ናቸው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ከባለሙያዎቹም ጎሚስታና ባትላሜራ፣ ራሱ መኪና የሚለው ቃል ሳይቀር ከጣልያን የመጡ ሲሆኑ፣ መፍታት፣ መግጠም፣ ማሰር፣ መክፈትና ማጠብ ግን ከቤት አልወጡም። ጣልያን ዕቃውን ከነስሙ አመጣ፤ እጁን ያሠራው ግን ያገሬው ግሥ ነው።

ይህ ትዝብት የመጀመሪያውን መላ ምት ያዳክመዋል። መላ ምቱ እንደሚለው «ማውረድ» በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በወረራው ዘመን ከተከፈቱት የጣልያን ጋራዦች የተወረሰ ትርጉም ነው፤ ጣልያናዊው መካኒክም ሞተር ሲያወጣ «ቲራሬ ጁ»፣ ማለትም «ወደ ታች መሳብ» ይላልና። መመሳሰሉ ዐይን ይስባል። ነገር ግን ከዚያ ጋራዥ የወጣው ተለማማጅ ስሙን ሁሉ ሳይተረጉም እንደ ሰማው ሲወስድ፣ ይህን አንድ ግሥ ብቻ ለይቶ በጥንቃቄ ተረጎመ ማለት ለማመን ይከብዳል። ሁለተኛው መላ ምት ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ይነሣል፦ ካምቢዮ በብዙ ተሽከርካሪዎች ከሥር ተፈትቶ በእውነት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሞተሩም የጎረቤቱን ስም ተጋራ ይላል። ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ምክንያታዊነቱ ግን ትንሽ ያሰለቻል።

ሦስተኛው መላ ምት ከሁሉ የሚያስደስተው ነው። ከኋላዋ አራት ሲሊንደር ያለው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የተገጠመላት፣ አዲስ አበባን ለብዙ ዘመን ያገለገለችው ቮልስዋገን፣ ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ የነዳጁ ቱቦ፣ የጋዙ ገመድና የዲናሞው ሽቦዎች ከተለቀቁ በኋላ የኋላ አካሏ ከፍ ይደረግና ሞተሩ ከሥር ይወጣል። እዚህ ላይ «ሞተር ወረደ» ማለት ቅንጣት ሐሰት የለበትም። የቮልስዋገን ቀያሽ ፈርዲናንድ ፖርሸ ሲሆን፣ የቤተሰቡን ስም የያዘው የመጀመሪያው የስፖርት መኪና፣ ማለትም ከጭነትና ከምቾት ይልቅ ለፍጥነት የተሠራ ተሽከርካሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትሪያዋ ግሙንድ ሲወለድ የተንቀሳቀሰው በዚችው ቮልስዋገን ሞተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የታየው ፖርሸ 911 ም ሞተሩን ከኋላ አድርጎ ስለተሠራ፣ የሞተር ክፍሉን ዕቃዎች አውጥቶ ማደስ የሚሻ ባለሙያ እስከ ዛሬ ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ ከሥር ያወርዳቸዋል። በዚህ ስሌት የአማርኛው ቃል የሚስማማው በመካነ ሰላም ጎዳና ለሚመላለሰው አይሱዙ ሳይሆን ለጀርመን የስፖርት መኪና ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሊታለፍ የማይችል አንድ አጋጣሚ አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ከቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ብዙዎች በዚያች መኪና አነስተኛነት ላይ የታሰበበት ማዋረድ አይተዋል። የቃል አመጣጥ ተመራማሪ ግን ሌላ ነገር ያያል፦ ንጉሠ ነገሥቱን ያወረዱት መኮንኖች ሞተሯ በእውነት ወደ ታች የሚወርድ መኪና አምጥተው፣ የወረዱትን ንጉሥ ልክ ከዚያው ሞተር ፊት አስቀመጧቸው። ይህ ለቃሉ ምንጭነት አንዳች ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃ ባይሆንም የቃሉን ክብደት ያሳያል። ወረደ ከግእዝ የተወረሰ ግሥ ሲሆን ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ ከእርሱ ውርደትና ተዋረድ ተወልደዋል፣ በአውቶቡስ ውስጥ የሚጮኸው «ወራጅ አለ!» ተወልዷል፣ መካኒኩ በባለንብረቱ ግትርነት የማያምንበትን ዕቃ ሲገጥም የሚናገረው «ውርድ ከራሴ» ም ከዚያው ነው። ውርደት የሚለው ዘመዱ ቀጥታ ኪስ ይነካል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሻጩም «ያልወረደ» የሚለውን ቃል እንደ ማዕረግ ይለጥፍበታል። በደንብ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ያረጀ ጋርኒሲዮኑና ኩሽኔታው ተቀይሮ የተገጠመ ሞተር ለአሥርት ዓመታት ካልተከፈተ ሞተር እንደሚሻል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ገበያው የታደሰውን እንደ ተሻረ ሹም ያየዋል። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ሞተሩን ሳያወርዱ በናፍጣ አጥበው ብርማ ቀለም ይቀቡታል፤ ከቀለሙ ሥር የዘይት ፍሳሹ ይቀጥላል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም በብሩ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቶ ይታያል። ብርማ ቀለም ከጥገና መደብር በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሸጥ ቢደረግ አገር አይጎዳም። ገዢ ግን ከቀለሙ ይልቅ ብሎኖቹን ቢመለከት ይጠቀማል፤ መፍቻ የነካው ብሎን ጠርዙ ላይ ጭረት ይተዋልና፣ ብር የተቀባ ሞተር ጭረት በሌለው ብሎን ከታሰረ ውበቱ ከላይ ብቻ ነው።

ወደ ምንጩ እንመለስና፣ ሚዛን የሚደፋው አራተኛው መላ ምት፣ የበቅሎው ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት አውቶሞቢል አዲስ አበባ ስትገባ፣ አማርኛ ለተሽከርካሪ የሚሆን ግሥ አዲስ መፍጠር አላስፈለገውም፤ የጋማ ከብቱን ግሥ አነሣና ሰጣት። ሾፌር መኪናን የሚነዳው እረኛ ከብትን፣ ነጋዴም አህያን እንደሚነዳው ነው። የጭነት መኪና ይጫናል፣ ይራገፋል፤ አጋሰስ፣ ማለትም ለጭነት ብቻ የተመደበ ፈረስ ወይም በቅሎ፣ ከዚህ የተለየ ነገር አልተደረገበትም። የሞተሩ አቅም እንኳ በፈረስ ጉልበት ይለካል። ፍሬን የሚለው የውጭ ቃል ሳይቀር ሲመረመር መነሻው ልጓም የሚል ፍች ያለው የላቲን ቃል ነው፤ አውሮፓም መኪናዋን የለጎመችው በፈረስ ልጓም ነበርና። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከጋማ ከብት ጀርባ የሚለይ ነገር ሁሉ፣ ሰውም ሆነ እህል፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢለይ «ይወርዳል»። ሞተር የመኪናው ትልቁ ጭነት ነው፤ ስለዚህ ወረደ።

ይህ ድምዳሜ አንድ ቀዳዳ አለበት፤ ቀዳዳውን በስቱኮ መሙላትም የሻጮቹን ጥፋት መድገም ይሆናል። ሞተሩ እንደ ጭነት የወረደ ከሆነ ሲመለስ «መጫን» በተገባው ነበር፤ ጋራዡ ግን ሞተርን ይገጥመዋል እንጂ አይጭነውም። ሲወጣ ጭነት፣ ሲመለስ አካል የሚሆንበት ምክንያት ምናልባት ከባለንብረቱ ስሜት ጋር የተያያዘ ይሆናል፤ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሞተር ሸክም ነው፣ ተገጥሞ የተነሣ ሞተር ግን ሸክምነቱ ይረሳል። ባትሪ «ተነሣ»፣ ካርቡራተር «ተፈታ» ይባላል እንጂ ሁለቱም «ወረዱ» አለመባላቸው ደግሞ መላ ምቱን ይደግፋል፤ ሰው በአንድ እጁ ይዞት የሚሄደው ዕቃ ጭነት አይባልምና።

መካነ ሰላም ያለችበት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነዋሪ በመውጣትና በመውረድ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ጋራዥ አላስፈለገውም። በሸሎና አባይ በቆረጡት አገር ገበያ መሄድ ራሱ ቆላ መውረድና ደጋ መውጣት ነው። ከባድ ብረት በመንኮራኩር ሲጎተት ለማየትም አውቶሞቢልን አልጠበቀም፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ መንገዱን ፊት ለፊቱ እያስጠረጉ፣ በሸሎን አሻግረው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ላይ አውጥተውታል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን እዚያው አምባ ላይ ዐረፉ፤ የእንግሊዝ ጦርም መጻሕፍቱንና ዘውዱን ይዞ ሲወርድ መድፉን ትቶት ሄደ። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፤ ዋናው ሴባስቶፖል ከመቅደላ እስከ ዛሬ አልወረደም።