የሸክላ ሠሪ ልጅ በፋኤንዛ

በቅርቡ ከእናንተ አንዷ ከቅዳሴ በኋላ ለብቻዬ ጠርታ አነጋገረችኝ። ለወላጆቿ «ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው» ብላ እንደ ጻፈችላቸው፣ የሰው ቤት እያጸዳች መኖሯን የሚያውቅ እንደሌለ፣ ይህም ሐሳብ እንቅልፍ እንደሚነሣት ነገረችኝ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስላት እወዳለሁ። መልሱም የሚጀምረው ፋኤንዛ ከምትባል የኢጣሊያ ከተማ ነው።

ፋኤንዛ ከቦሎኛ ወደ ሪሚኒ በሚወስደው የጥንት ሮማውያን መንገድ ላይ ትገኛለች። ኢጣሊያን የሚጎበኝ ሰው ወደ ፍሎረንስና ወደ ቬኒስ ሲጣደፍ በባቡር መስኮት አይቷት ያልፋል። እኔም ሮም ለትምህርት ሳለሁ በሐምሌ ዕረፍት በዚያ የሚገኝ ቁምስና እንዳግዝ ባልላክ ኖሮ ከባቡሩ አልወርድም ነበር።

ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው በጭቃ ነው። ሸክላ ሠሪዎቿ በ16ኛው መቶ ዓመት በሠሯቸው ነጫጭ ሳህኖች በአውሮፓ ሁሉ ታወቁ፤ ፈረንሳዮችም እንዲህ ያለውን ሸክላ በከተማይቱ ስም «ፋያንስ» ብለው ጠሩት። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጭቃው በሚሽከረከር ገበታ ላይ ይቀረጻል፤ ከደረቀ በኋላ አንድ ጊዜ እሳት ይገባል፤ ቀጥሎ ከቆርቆሮ ማዕድን በተዘጋጀ ነጭ ልባስ ውስጥ ይነከራል። ሥዕሉ የሚሣለው ይህ ልባስ ገና እንደ ዱቄት ሳለ ነው። ብሩሹ እንደነካው ቀለሙን ይመጠዋልና የሳተ መስመር አይታረምም። ሠዓሊዋ ትንፋሿን ይዛ ስትሥል፣ ቆሜ የምመለከተው እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው እሳት ይመጣል፤ ልባሱም ቀልጦ እንደ መስተዋት ያበራል።

እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ የሸክላ ሙዚየምም አለ። በ1944 በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ፈርሶ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የብዙ አገር ሠዓሊዎች፣ ፒካሶም ጭምር፣ ሥራቸውን እየላኩ መልሰው ሞሉት። ለተሰበረ ሸክላ እንዲህ የሚያዝን ዓለም መኖሩ ገረመኝ።

ምሳችን ፒያዲና የሚባል ቂጣ ነበር፤ የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ውሃና የአሳማ ስብ ነው። (ስቡን የነገሩኝ ከበላሁ በኋላ ነው።) ከቂጣው ይልቅ ዓይኔን የያዘው የተጋገረበት ዕቃ ነበር። «ቴስቶ» ይሉታል፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከጭቃ የተሠራ። ምጣድ ነው። ዛሬ ብዙዎች በብረት ቢተኩትም፣ ሞንቴቲፊ በምትባል የኮረብታ መንደር አሁንም በእጅ እንደሚሠራ ነገሩኝ። ማታ ደግሞ ከደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ከዕንቁላልና ከአይብ ተለውሶ በሾርባ የሚቀቀል ፓሳቴሊ ቀረበልን። የአገራችን ሴቶች የደረቀ እንጀራ እንደማይጥሉ ሁሉ፣ የዚያም አገር ሴቶች ዳቦ አይጥሉም።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምጣዱ እናቴን አስታወሰኝ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በመንደራችን ጎረቤቶቻችን እርስዋ በሠራችው ምጣድ ይጋግሩ፣ እርስዋ በሠራችው ጀበና ቡና ያፈሉ ነበር፤ ስትመጣ ግን ከደጅ ያስቀምጧታል፤ ቡናዋንም የሚሰጧት ለእርስዋ ብቻ በተለየ፣ አፉ በተሸረፈ ስኒ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ እኛ መንደር አልደረሰም። ዘርዓ ክህነት ስገባ ስለ እናቴ ሙያ ለማንም አልተናገርሁም። አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ በእግር ተጉዛ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ለአለቃችንም በጭድ የጠቀለለችውን ጀበና ይዛ ነበር። አለቃችን አገላብጠው አደነቁና «ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ቀደም ብዬ «ከገበያ የተገዛ ነው» አልሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም።

እኅቴ ሆይ፣ ያንቺን ነገር ስሰማ የታወሰኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ወደ ካቴድራሉ ሄድሁ። ግንባታው በ1474 የተጀመረ ነው፤ ፊቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያልተለበደ ጡብ ነው። በውስጡ የቅዱስ ጴጥሮስ ዳሚያኒ ዐጽም አርፏል። ይህ ቅዱስ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ አሳማ ይጠብቅ ነበር ይባላል፤ ዳሚያን የተባለ ወንድሙ ወስዶ አስተማረው፤ እርሱም የወንድሙን ስም በራሱ ስም ላይ ጨመረ። ታናሾቻችሁን ከደመወዛችሁ የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ቅዱስ ብትወዳጁት መልካም ነው።

ከዚያ ወጥቼ በጠባብ መንገድ ዳር ወዳለች የሸክላ መሥሪያ ገባሁ። ባለቤቷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበረች። አንድ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን አነሣሁና ሳላስብ በጣቴ አንጓ መታ አድርጌ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ ይታፈናል። ሴትዮዋ ሥራዋን ትታ፣ «ይህን ማን አስተማረዎት አባ?» አለችኝ።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አልኋት በኢጣሊያንኛ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት እንኳ ከአፌ ባልወጣ ነበር ብዬ እሠጋለሁ።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጨበጠችኝና «ፊሊዮ ዳርቴ!» አለችኝ። በሙያ ቤት ተወልዶ ያደገን ሰው ኢጣሊያኖች እንዲህ ይሉታል። ከዚያም ጥያቄ አዘነበችብኝ። ያለ መሽከርከሪያ እንዴት ክብ ታወጣዋለች? በምን ዓይነት እንጨት ታቃጥላለች? እሳቱ መብቃቱንስ በምን ታውቃለች? ግማሹን መለስሁ። ለቀረው መልስ አልነበረኝም፤ እናቴ ስትሠራ ከአጠገቧ መቀመጥ ያፍረኝ ነበርና አልተማርሁትም። ስንሰናበት ሳህኑን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ገንዘብም እንቢ አለች።

አገር ቤት ስገባ ለእናቴ አቀረብሁላት። አገላበጠችው፤ በጣቷ አንጓ መታ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። «በደንብ በስሏል» አለች። ቀጥላም ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ከገበያ የተገዛ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ። የሠራችው ሴት ናት የሰጠችኝ። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ነግሬያት ነው።»

ሳህኑን ከራሷ ማሰሮዎች አጠገብ አስቀመጠችውና ቡና ልታፈላ ተነሣች።