የገራዱ ልጅ እሌኒ

ሐድያ ውስጥ፣ ቦኖሻ ከተማ በርበሬ ተራ እያስነጠሰኝ ስለ እቴጌ እሌኒ አሰብኩ። ሐሳብ መቼም ቦታ አይመርጥም። የሐድያው ገራድ (ገዥ) መሐመድ ልጅ አባቷ ቤት ስታድግ ይህ በርበሬ ገና ከአሜሪካ ምድር አልተሻገረም ነበር። ወጥ ያለ በርበሬ፣ አስቡት!

ከሙስሊም ቤት ወጥታ ለዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ተዳረች። ገራድ የነበረው ወንድሟ ማሂኮ ግን ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ። ንጉሡ አጎትየውን ባሞን በቦታው ሾመ፤ ማሂኮም ተገደለ። የሚከነክነኝ እዚህ ጋ ነው። የገዛ ባሏ በወንድሟ ላይ ሲያዘምት እሷ ምን ብላ አደረች? ዜና መዋዕል ጸሐፊ የእህት ሆድ አይታየው።

ሴትዮዋ ግን ሁሉንም ሸኝታ ቆየች። የእንጀራ ልጇ በእደ ማርያም እንደ ወላጅ እናቱ አከበራት። በ1508 ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ ደግሞ መንግሥቱን የያዘችው እሷው ናት። በዚያው ሰሞን ማቴዎስ የሚባል ነጋዴ ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ልካ በባሕር በኩል አጋር ፈለገች። መልሱ ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው። ታዲያ ልጁ ንጉሥ አድጎ፣ እሷም ወደ መሞቻዋ ተቃርባ!

በዚህ መሀል ጎጃም ላይ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች፤ የሃይማኖት መጻሕፍትም ጽፋለች።

የሠፈራችን ተማሪዎች ፖርቱጋላዊውን መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማን በቃላቸው ይወጡታል። እሌኒን ስጠይቃቸው «የየት ሀገር ናት?» ይሉኛል። የሐድያ ናታ!