የሚፈታውና ድፍኑ፦ ከገላን የተያዘ ትዝብት

ከአቃቂ ወጥቶ ወደ ዱከም በሚወስደው አሮጌ መንገድ ገላንን የሚያቋርጥ ሰው ብረት ሳያይ አያልፍም። ፌሮ የጫነ ተሳቢ፣ ከፋብሪካ አጥር ጀርባ የተከመረ ቁርጥራጭ፣ ደጃፉ ላይ ላሜራ የሚቆርጥ ብየዳ ቤት። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው አሮጌ ብረት በዚህ መስመር ባሉ ፋብሪካዎች ቀልጦ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። ዳምቤል የፈለገ የገላን ወጣት ግን ታክሲ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ወዳሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ይሄዳል። ከቻይና ተጭኖ በጅቡቲ የገባ፣ ወደ መሀል ከተማ ሲጓዝም ምናልባት በዚሁ በገላን በኩል ያለፈ ብረት ገዝቶ ይመለሳል። ያስቆጨኛል። ብረቱም፣ ቶርኖውም፣ ባለሙያውም እዚሁ ነበሩ።

*

ሱቁ ውስጥ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ድፍኑን ነው የሚፈታውን?” ብሎ ነው። ድፍኑ ክብደቱ አንዴ የተወሰነ ነው፤ አሥር ኪሎ ከሆነ ዕድሜ ልኩን አሥር ኪሎ ነው። የሚፈታው ደግሞ አጭር ዘንግና ዲስኮች አሉት፤ ዲስክ በመጨመርና በመቀነስ አምስትም ሃያም ኪሎ ይሆናል። ገዢው ዋጋቸውን ያነጻጽራል። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንት ኪሎ አነሣለሁ? የምኖረውስ የት ነው? ሲበላሽ ማን ይሠራልኛል?

*

ከ5 ኪሎ ወደ 7.5 ኪሎ መዝለል የግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። ከ20 ወደ 22.5 ግን ጭማሪው ከመቶ 12.5 ብቻ ነው። ጭማሪው ያው ሁለት ኪሎ ተኩል ሆኖ ሳለ ለጀማሪ ትከሻ ተራራ ነው፤ ለለመደ ሰው እምብዛም አይከብድም። አንድ ጥንድ ድፍን ገዝቶ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆመው ስለሰነፈ አይደለም። የያዘው ብረት ቀልሎት፣ ቀጣዩ ደግሞ ከብዶት መሀል ላይ ስለቀረ ነው። ጡንቻ የሚያድገው ሸክሙ ትንሽ በትንሽ ሲጨምርበት ነው። የግማሽ ኪሎና የአንድ ኪሎ ትንንሽ ዲስኮች ለጀማሪ ከትልልቆቹ ይልቅ ያስፈልጋሉ፤ ሱቅ ውስጥ ግን ሰው የሚያነሣሣው ትልልቆቹን ነው።

*

ገላን የተከራይ ከተማ ሆናለች። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለለች ወዲህ አስተዳደሯ ቢለወጥም፣ ፋብሪካ ለመሥራት የመጣው ወጣት አንድ ክፍል ተከራይቶ መኖሩ አልተለወጠም። አልጋ፣ የልብስ ሻንጣ፣ ቡታጋዝ፣ ባልዲ፤ ከዚያ የተረፈው ቦታ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚቆምበት ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን በወረቀት ሠርቼዋለሁ። ከ5 እስከ 20 ኪሎ በ2.5 እየጨመረ ድፍን ዳምቤል የሚገዛ ሰው ሰባት ጥንድ ያስፈልገዋል። ሲደመር 175 ኪሎ ነው። ያንኑ ሁሉ ክብደት የሚሰጥ አንድ ጥንድ የሚፈታ ዳምቤል ግን ከነዘንጉ 40 ኪሎ ነው። አከራዩ ኪራይ ጨምሮ ውጣ ባለው ቀን 40 ኪሎ በባጃጅ ይወሰዳል። 175 ኪሎ ግን ሸካሚ ይፈልጋል፤ ሸካሚው ደግሞ ብረት መሆኑን ሲያይ ዋጋውን ያንረዋል። ለዚህ ከተማ፣ ለዚህ ኑሮ፣ የሚፈታውን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

*

ድፍኑን ማቃለሌ ግን አይደለም። ጂም ቤት ውስጥ ድፍኑ ይበልጣል፤ አሥር ሰው በሚቀባበልበት ቦታ ዳዶ እየፈቱ ማሰር አይቻልም። ወንድማማቾች አብረው በሚሠሩበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የሚፈታው ጥንድ አንድ ስለሆነ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ደግሞ ድፍን ብረት እጅ ላይ ተፈትቶ አይወድቅም። ወለል ላይ ቢጣል ሴራሚኩን ይሰብራል እንጂ ራሱ አይሰበርም። በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ግን ይህ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተጣለ ብረት ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ሕፃን ይቀሰቅሳል። ከጎሚስታ ቤት የተገኘ አሮጌ ጎማ ተቆርጦ ቢነጠፍ ድምፁን ያበርደዋል።

*

ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ “ምን ላምጣልህ?” ሲል አንዳንዱ መደወሪያው ሲሽከረከር ክብደቱ የሚለወጠውን ዘመናዊ ዳምቤል ይመኛል። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ቦፍሌክስ 552 ነው። እያንዳንዱ ከ5 እስከ 52.5 ፓውንድ፣ በእኛ ከ2.3 እስከ 23.8 ኪሎ ይሄዳል። ጥንዱ 47.6 ኪሎ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚፈቀዱለት ሁለት ሻንጣዎች እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ፣ ድምሩ 46 ነው። ዘመድ ለእናቱ ጫማ፣ ለእህቱ ልብስ ሳይይዝ፣ ባዶ ሻንጣውን እንኳ ሳንቆጥር፣ ጥንዱን ብቻ ይዞ ቢመጣ ከተፈቀደለት ያልፋል። ይህን ከዘመድ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

በ2025 እ.ኤ.አ. ጁን ወር ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይኸው 552 እና ታላቅ ወንድሙ 1090፣ በድምሩ 3.8 ሚሊዮን ያህል ዳምቤሎች፣ ዲስካቸው በሥራ ላይ እያለ ከእጀታው ሊለቅ ይችላል ተብሎ እንዲሰበሰቡ ጥሪ ተደረገ። የተጎዱት ሰዎች ከመቶ በላይ ነበሩ። እዚያ ያለ ባለቤት ለአምራቹ ደውሎ ምትክ ይጠይቃል። ገላን ያለው ግን ማንን ይጠይቃል? ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ሲሰበር ቶርኖ ቤት ሊቀርጸው አይችልም፤ መለዋወጫውም እዚህ አይሸጥም። የምንፈልገው ብልሃት የበዛበትን ዕቃ አይደለም፤ የሰፈር ባለሙያ ከፍቶ ሊያየው የሚችለውን ነው።

*

የሰፈሩ ባለሙያ ምን ሊሠራ ይችላል? አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቢቆርጥ ክብደቱ 2.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ቀላል ስሌት ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.85 ግራም ይመዝናል። ስፋቱን ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርገው አንድ ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ወፍራም ላሜራ ከተገኘ ዲስኩን መቁረጥ፣ መሀሉን መብሳት፣ ጠርዙን በሞላ ማለስለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እጀታው የውኃ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ¾ ኢንቹ የውጭ ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለመዳፍ ምቹ ነው።

መጠንቀቅ የሚገባው ቀዳዳው ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ያሉት ዲስኮች በሁለት ዓይነት ይመጣሉ፤ ለቤት የሚሆኑት ቀዳዳቸው ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ የውድድሮቹ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ባለሙያው እጁ ላይ ባለው መብሻ ዝም ብሎ ከበሳው ዛሬ ያሠራኸው ዲስክ ነገ ከሱቅ ከምትገዛው ጋር አይገጥምም። 29 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ብሎ ለይቶ መንገር ይገባል።

*

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዳምቤል ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ ይወጣል፤ ዳምቤል ደግሞ የሚሸጠው በኪሎ ነውና ከባዱን የፈለገ የበለጠ ይጎዳል። የአገር ውስጥ ላሜራም ቢሆን ጥሬው ከውጭ ስለሚገባ ከዚህ አያመልጥም። ቁርጥራጭ ብረት ግን እዚሁ አለ፤ ከቆራሌው ክምር ውስጥ የመኪና ጥርስ፣ የፍሬን ዲስክ፣ የወፍጮ ክብ ብረት መርጦ የሚያወጣ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

*

ብዙ ግቢ ውስጥ የማየው በሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ ነው። በቧንቧ ሁለት ጫፍ አንዳንድ ጣሳ ይተከልና ኮንክሪት ይሞላበታል። አራት ሊትር የሚይዘው የጋሎን ጣሳ ሲሞላ 9.5 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ሁለቱ ከነቧንቧው ሃያ ኪሎ ያልፋሉ። በሁለት እጅ ለሚነሣ ረጅም ብረት ይህ በቂ ነው፤ የሠሩትን ልጆች አደንቃለሁ። ለዳምቤል ግን አይሆንም። በአንዱ ጣሳ ጠጠሩ በዝቶ፣ በሌላው አሸዋው በዝቶ፣ ቀኝና ግራው እኩል አይመጣም፤ ያንን ወር ከወር የሚያነሣ ትከሻ ሊዛባ ይችላል። እንዲህ የሚሠራ ካለ ሁለቱን ሉካንዳ ቤት ወስዶ ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸው። ሥጋ ሻጩ አይከለክልም።

*

የሚፈታው የራሱ አደጋ አለው፤ ዳዶው። ክንድ ሲጠማዘዝ ዲስኩ ይዞራል፣ ዲስኩ ሲዞር ዳዶው ይላላል። ከዳዶው ሥር የምትቀመጠው ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ስታልቅ ነገሩ ይብሳል። ቀለበቷን ከመኪና የውስጥ ጎማ ቆርጦ መተካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጋደም ብሎ ፊት ላይ የሚነሣ ክብደት ካለ ደግሞ በየዙሩ መሀል ዳዶውን በእጅ ጠበቅ ማድረግ ግድ ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ብቻቸውን በር ዘግተው ነው የሚሠሩት።

*

ብረት የወጣት ወንድ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ገላንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሁሉ፣ ለሴትም ለወንድም፣ ለሽማግሌም ጭምር፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። ውኃ በጠፋ ጊዜ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ማለት ሃያ ኪሎ፣ ከቦቴ ወደ ቤት የሚያመላልሱት እናቶች ጉልበት እንዳላቸው ማንም አይጠራጠርም። ግን በአንድ ወገን የሚንጠለጠል ሸክም ወገብ ሊጎዳ ይችላል፤ ሁለት እኩል ብረት ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም ደግሞ ያንን ወገብ ለማጠንከር ይረዳል።

እዚህ ላይ ምርጫዬ ይለወጣል። ለእናት፣ ለአያት፣ ከሥራ ደክማ ለምትመጣ እህት የሚፈታውን አልመክርም። ዳዶ ማጥበቅ፣ ዲስክ መቁጠር፣ ልጁ የጫነውን ማራገፍ ካለ ከናካቴው አትጀምረውም። አንድ ጥንድ ባለ ሦስት ኪሎ ድፍን ሶፋው ሥር ይቀመጥላት። ቤቱ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ቢኖሩ ጠብ የላቸውም።

*

ለገላን ቶርኖ ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ሠርታችሁ የምትሰጡት ዲስክ ላይ ክብደቱን መዝናችሁ በቁጥር ምቱበት። “አምስት ኪሎ ይሆናል” ተብሎ የተሰጠው ብረት አራት ኪሎ ከሩብ ሲሆን ተጠቃሚው ስንት እንዳነሣ ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ፤ ሲሸጠውም ገዢ አያምነውም። የቁጥር መምቻ ብዙ ቤት አለ፤ ለሻንሲ ቁጥር የምትጠቀሙበት ያው ነው። ዲስኩ ላይ ከክብደቱ ጎን “ገላን” ብላችሁ ብትጨምሩበት ደግሞ እኔ በበኩሌ ከቻይናው አስቀድሜ እገዛዋለሁ።