ወላጅን ስለ ማክበርና ስለ መጨረሻው ሕመም

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ዓመት በቻይና ምድር በሉ አገር የተወለደው ኮንፉሺየስ ለሕዝቡ ካወረሰው ትምህርት አውራው ወላጅን ማክበር ነው። ቻይናዎች ይህን በጎነት «ሺያው» ይሉታል፤ ሲጽፉትም ከላይ የሽማግሌን፣ ከታች የልጅን ምልክት ያደርጋሉ። እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ሰምና ወርቁን ሳልመረምር አላልፍም። ልጁ ሽማግሌውን ተሸክሞታል ቢሉት ያስኬዳል፤ ሽማግሌው ልጁን ተጭኖታል ቢሉትም ያስኬዳል። የዚህ ኅብር ሁለት ወገን የሚገለጠው ግን ወላጅ ለሞት በታመመ ጊዜ ነው።

በቻይና፣ በኮርያና በታይዋን ሐኪሙ ተስፋ ቢቆርጥ እንኳ ሕክምናው እንዲቋረጥ የማይወዱ ልጆች ብዙዎች ናቸው፤ ለወላጁ ሳይደክም ቀረ ተብሎ መታማትን ይፈራሉና። የሕመሙም ስም ከታማሚው ተሰውሮ ለቤተ ዘመድ ብቻ እንዲነገር ይለምናሉ። ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን የታማሚው ፈቃድ ሳይሰማ ይቀራል።

ስለዚህ ነገር በደቡብ ኮርያ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሳቸውን ስተው በመኪና ይተነፍሱ ከነበሩ አንዲት አሮጊት ላይ መኪናው እንዲነሣ ፈረደ። መኪናው ከተነሣ በኋላ በራሳቸው እየተነፈሱ ከስድስት ወር በላይ ቆይተው በ2010 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያም በ2016 ዓ.ም. ሕግ ወጣ፤ በ2018 ዓ.ም. ጸና። በዚህ ሕግ ሰው በጤናው ሳለ ፈቃዱን ጽፎ ያኖራል፤ ፈቃዱ ካልታወቀ ግን ቤተ ሰቡ በአንድ ቃል መስማማት አለበት። በታይዋንም በ2019 ዓ.ም. በጸናው ሕግ፣ ሰው አስቀድሞ ውሳኔውን ሲሰጥ ከሐኪሞቹ ጋራ የቅርብ ዘመድ በምክሩ ይገኛል። እንግዲህ ሕጉ ቤተ ዘመድን አላራቀም፤ የታማሚውን ቃል አስቀደመ እንጂ።

ይህ ከኮንፉሺየስ ትምህርት መራቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ደቀ መዛሙርቱ ንግግሩን በሰበሰቡበት መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፣ መምህሩ እጅግ በታመመ ጊዜ ዚሉ የተባለው ደቀ መዝሙር፣ መምህሩ ሹመት ሳይኖረው እንደ ሹም ይከበር ብሎ፣ ባልንጀሮቹን የሹም ሎሌዎች አስመስሎ አቆመለት። ኮንፉሺየስም ሕመሙ ቀለል ባለለት ጊዜ ይህን ማስመሰል ነቀፈ፤ ከሎሌዎች እጅ ይልቅ በደቀ መዛሙርቱ እጅ መሞትን እንደሚመርጥም ተናገረ። ዚሉ መምህሩን ይወድ ነበር፤ ነገር ግን ምን ትወዳለህ ብሎ አልጠየቀውም።

በእኛም አገር ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም። እኔም ያረጁ እናት አሉኝ። በዚህ ዓመት፣ ገና በጤናቸው ሳሉ፣ «እምዬ፣ ሕመም ቢጸናብዎ ምን እናድርግ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ከቤቴ አታውጡኝ፤ የነፍስ አባቴን በጊዜ ጥሩልኝ፤ እናንተም ከአጠገቤ አትራቁ» አሉኝ። ታናሽ ወንድሜ ይህን በሰማ ጊዜ «ሟርት ነው» ብሎ ተቈጣ፤ ቀኑ ሲደርስ ከእርሱ ጋራ መከራከሬ አይቀርም። ቢሆንም ቃላቸውን ይዣለሁ። ወላጆች ያሏችሁ አንባብያን ሆይ፣ አንደበታቸው ሳይዘጋ ጠይቋቸው።