ሦስት መቶ ሊትር ባሕር

ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ሳሎን እንደ ገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። በጣቱ ወደ መስታወቱ ገንዳ እያመለከተ «ይበላል?» ይለኛል። ባለቤቴ መልሱን ከአፌ ትነጥቀኛለች። «ዓሣው አይበላም፤ የሚበላው እሱ ነው፤ የእኛን ገንዘብ» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ቡናው ይቀርባል። ነገር ግን ቀልዱ ውስጥ እውነት ስላለበት፣ ትችቱም ከብዙ ወገኖቼ ስለሚደርሰኝ፣ እስቲ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስረዳ ብዬ ነው ብዕሬን ማንሣቴ።

ገንዳው የመጣው በታክሲ ሥራዬ ምክንያት ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ አረጋዊ ፈረንጅ ከባላርድ ሰፈር ወደ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሳደርስ በመንገድ ላይ ጨዋታ ጀመርን። በአገሬ የባዮሎጂ መምህር እንደ ነበርኩ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ «ጋራዤ ውስጥ 75 ጋሎን የሚይዝ የዓሣ ገንዳ ከነዕቃው አለ፤ ቤቱን ልለቅ ነው፤ መጥተህ ውሰደው» አሉኝ። በነፃ ማለት ነው። የነፃ ዕቃ ዋጋ የገባኝ ኋላ ነው።

ለምን ወሰድኩት? መልሱ ደባርቅ ነው። እዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። በየዓመቱ የእንስሳት ምደባ ላይ ስንደርስ ኮራልን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እስል ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ድንጋይ ነው ወይስ እንስሳ?» አለኝ። «እንስሳ ነው፤ ድንጋዩ ቤቱ ነው» አልኩት። ልጁ አላመነኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ብዙ አላመንኩትም፤ ኮራል ይቅርና ባሕርን በዓይኔ አይቼ አላውቅማ! በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የጂኦግራፊ መምህራችን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ አዲሱን ድንበር በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምሩ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ግን ባሕሩን ያውቁታል። በባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሞተረኛ ሆነው ምጽዋ ላይ ለዓመታት ኖረዋል። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ በሕይወት ከወጡት አንዱ ናቸው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ወደ የመን ከተሻገሩት መርከቦች በአንዱ ላይ ነበሩ። ከዚህ በላይ የማውቀው አልነበረም። እኛ ልጆቻቸው ስንጠይቅ «ያለፈ ነገር ነው» ብለው ጋዜጣቸውን ይገልጡ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ወደዚህ አመጣኋቸውና አሁን ስካይዌይ ከእኛ ጋር ይኖራሉ።

ወደ ገንዳው ልመለስ። 75 ጋሎን ማለት 284 ሊትር ነው። ውኃው ብቻውን ሦስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መስታወቱ ሲጨመሩ አራት ኩንታል ገደማ ይሆናል። አፓርትማ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ለተከራየ ሰው አልመክርም። የሲያትል የቧንቧ ውኃ ከሲዳርና ከቶልት ወንዞች የሚመጣ፣ ለቡና የሚስማማ ለስላሳ ውኃ ነው። ለኮራል ግን ውስጡ ያለው ክሎሪንና ከቧንቧው የሚወጣው ጥቂት መዳብ መርዝ ስለሆነ በልዩ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ከዚያ በሊትር 35 ግራም ጨው ይጨመራል፤ ለእኔ ገንዳ አሥር ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ጨው ስል የወጥ ጨው አይደለም። በባሕር ውኃ ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ብዙ ነገር አለ፤ ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ መጥነው በባልዲ ይሸጡታል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አውሮፕላን ማረፊያው ወረፋ ላይ ሆነን «ለምን ከአፋር አሞሌ አላስመጣልህም?» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ ከነከነኝና ሳነብ ምን አገኘሁ መሰላችሁ? የአፋር ጨው ራሱ የቀይ ባሕር ቅሪት ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ባሕሩ ወደ ዳናክል ዝቅተኛ ምድር ገብቶ ነበር፤ ኋላ መግቢያው ተዘጋና ውኃው ተኖ ጨው ሆኖ ቀረ። በዳርቻው የነበረው ኮራልም ድንጋይ ሆኖ ዛሬም እዚያው በረሃ ላይ ይታያል። እንግዲህ በዛሬይቱ ኢትዮጵያ ምድር ላይም ኮራል አለ ማለት ነው። ለዚያ ለደባርቁ ልጅ ይህን ሳልነግረው መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጨዉ ከተቀላቀለ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ዓሣ ከሚያስወጣው ቆሻሻ አሞንያ ይፈጠራል፤ አሞንያ ደግሞ ዓሣውን መልሶ ይገድለዋል። ድንጋዩ ላይ የሚራቡ ባክቴርያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ባክቴርያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ በበቂ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባዶ ውኃ ማየት ግድ ነው። ይህን የናይትሮጅን ዑደት አስተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ሆኖም ልጄ በየማታው «አባዬ፣ ዓሣው የታለ?» ስትለኝ አላስችል ብሎኝ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ዓሣ ገዝቼ ጨመርኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው በአራተኛው ቀን ሁለቱም ሞቱ። ልጄ እያለቀሰች ጓሮ ቀበረቻቸው። መምህሩ በራሱ ፈተና ወደቀ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ የተናገረችው ቀልድ አልነበረም። «በዚህ ገንዘብ የእህትህ ልጅ የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፈል ነበር» አለችኝ። ሐሰት አልተናገረችም። ለመብራቱ፣ ለፓምፑና ለማጣሪያው ብቻ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ወጥቷል። ሲጋራ አላጨስም፣ መጠጥ ቤት አልሄድም ብዬ ተከራከርኩ፤ ነገር ግን ክርክሩ ለራሴም ደካማ መስሎ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ሳይላክ ለገንዳው ምንም ነገር አይገዛም የሚል ሕግ አወጣን። ሕጉ እስካሁን ተከብሯል ማለት ይቻላል።

ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ኮራል አስገባሁ። ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ያኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ እየሠራ ለባለቤቱ ያካፍላል፤ ኮራሉም መጠለያ ይሰጠዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን ይጣላሉ፤ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደ ይራባል፣ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንቲስቶች ይህ መንጣት ለአራተኛ ጊዜ ዓለምን ሁሉ ማዳረሱን አስታውቀዋል። ስለዚህ ከባሕር የተነቀለ ኮራል አልገዛም። እንደ ሸንኮራ አገዳ እየተቆረጠ የሚተከል ስለሆነ፣ ብዙ የያዘ ሰው ትንሽ ቆርጦ ይሰጣል ወይም ይሸጣል፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ያገኘሁት ከአንድ የቬትናም ተወላጅ ሾፌር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ልፋት ሳይሆን አለመለዋወጥ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ተኩል፣ ጨዉ 35፣ ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ። በየቀኑ ሦስት ሊትር ያህል ይተንናል፤ የሚተንነው ውኃው ብቻ ስለሆነ የሚጨመረውም ጨው የሌለው ውኃ ነው። ይህን ሁሉ በደብተር እመዘግባለሁ። በደብተሩ ምክንያት አንድ ነገር ደረስኩበት፦ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የውኃው ፒ ኤች ይወርዳል። ሁለት ወር ግራ ገባኝ። ለካስ ጥፋቱ የቡናው ነው! እንግዳ ሳሎኑን ይሞላል፣ መስኮት ተዘግቶ ለዕጣኑ ከሰል ይጨሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውኃው ውስጥ ይገባና አሲድ ይሆናል። አሁን እሑድ መስኮት እንከፍታለን። እንግዶቻችን በየካቲት ብርድ መስኮት የምንከፍተው ለምን እንደሆነ ይኸው ዛሬ ይወቁት።

ዓሦቹን የመረጥኩት በኤድዋርድ ሩፐል ምክንያት ነው። ይህ የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ገብቶ በሰሜን ተራሮች በኩል ጎንደር የደረሰ አሳሽ ነው። ዋልያንና ጭላዳ ዝንጀሮን በሳይንሳዊ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበ እሱ ነው፤ ዓመቱም 1835። ይህን ደባርቅ ላይ በኩራት አስተምር ነበር፤ ዋልያ ጎረቤታችን ነዋ! ያላወቅሁት፣ ያው ሰው ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሁለት ነጭ መቀነት ያለውን የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣም እንደ ሰየመው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ዓሣ አላማረኝም። በሰው እጅ የተራቡ ጥንድ ገዛሁ። ክላውን ዓሣ ሁሉ ሲወለድ ወንድ ነው፤ ትልቁ ኋላ ሴት ይሆንና ቤቱን ይገዛል። ሴቲቱ ገንዳውን ሳጸዳ እጄን ትነክሳለች። ከእነሱ ጋር አንዲት ወይን ጠጅ መልክ ያላት፣ ጅራቷ ብጫ የሆነ ሌላ የቀይ ባሕር ዓሣ አለች። ዋጋዋን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ይህን መጽሔት ስለምታነብ እዚህም አልጽፈውም።

አባቴ እንደ መጡ ገንዳውን አዩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጡ ነበር። ቅር ብሎኛል። ሸጬ ልገላገለው ብዬ ዋጋ የጠየቅሁበት ጊዜም ነበር።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ማታ የተነሣውን ነፋስ የዚህ አካባቢ ነዋሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዛፉ በየመንገዱ ወድቆ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቤት መብራት አጣ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያው ወረፋ ላይ ነበርኩ። ልጄ ደወለችና «አባዬ፣ ፓምፑ ቆመ» አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው፤ የሚቀድመው ግን የአየር እጥረት ነው። ውኃው ካልተንቀሳቀሰ ኦክስጅን ያልቃል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይታፈናል። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቤቴ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

በሩን ስከፍት ልጄ የእጅ ባትሪ ይዛ ቆማለች። አባቴ ጋቢያቸውን ጥለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ወንበር ላይ ወጥተው በጆግ ውኃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሳሉ። መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ አላቋረጡም። «ማን ነገራቸው?» አልኳት ልጄን። እሳቸው ሳይዞሩ፣ «ውኃ ከቆመ ይሞታል። ይልቅ ና ያዝልኝ፣ ክንዴ ዝሏል» አሉ።

ተቀበልኳቸው። ኋላም ታክሲዬን ከበሩ አጠገብ ውጭ አቁሜ፣ ከባትሪዋ በኢንቨርተር ገመድ በመስኮት አስገብቼ ትንሿን ፓምፕ አስነሣሁ። ለሙቀቱ ባለቤቴ በጋዝ ምድጃ ውኃ እያሞቀች በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ ክዳኑን አጥብቃ ገንዳው ላይ ታንሳፍፍ ነበር። (አደራ፣ መብራት ሲጠፋ ቤት ለማሞቅ ከሰል አታንድዱ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ከመጣው ነፋስ በኋላ በዚሁ በኪንግ ካውንቲ ቤታቸው ውስጥ ከሰል ያነደዱ ስደተኞች በጭሱ መርዝ አልቀዋል።) መብራቱ የመጣው ከ26 ሰዓት በኋላ ነው። አንድ ኮራልና አንድ የባሕር ሽሪምፕ ሞቱብን፤ ዓሦቹ ተረፉ። የሁለት ቀን ገቢዬ ቀረ። ባለቤቴ ስለ ገቢው አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ሊነጋጋ ሲል ሁለታችን በጨለማው ተቀምጠን የፓምፑን ድምፅ እንሰማለን። አባቴ፣ «መርከብ ላይ ሞተር ሲቆም የሚያስፈራው ማዕበሉ አይደለም፤ ዝምታው ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ወንበራቸውን አዞሩት። አሁን ሌሊት ሥራ ላይ ስሆን ደብተሩ የእሳቸው ነው። በየአራት ሰዓቱ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱንና የጨዉን መጠን ይጽፉና ከሥሩ ይፈርማሉ። እንደ ዘብ ተረኛ ማለት ነው።

ባለፈው ገና ቤታችን እንግዳ ሞልቶ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ እንደ ልማዱ ወደ ገንዳው እያመለከተ «ይበላል?» አለ። ባለቤቴ አፏን ስትከፍት አባቴ ቀደሟት። ብጫ ጅራቷን ዓሣ በከዘራቸው እያሳዩ፣ «ያቺ ትበላለች። ዳህላክ ላይ በልተናታል። ሥጋዋ ትንሽ ነው» አሉ።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ልጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። «መቼ ነው አባባ?» አለቻቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «82 ነው። አሥራ አራት ሰው ነበርን» ብለው ጀመሩ።